ቶማስ ዩዊንግን ማን መረጠው?

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የተቀመጠ ወገን አንድ ጥያቄ አይረሳም፤ የአሜሪካ ሴናተር የሚወክለው ማንን ነው? መልሱ አጭር ነው፤ የስቴቱን ሕዝብ በሙሉ። ኮሎምበስ ውስጥ ይህን መልስ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በሥራ ዕረፍት፣ በልጆቹ ስልክ እየሰማ ያልሸመደደ ስንት አለ? ፈታኙም ሰምቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፒከሪንግተን የሚኖር ሰው ግን ያንን መልስ ወስዶ በገዛ ካውንቲው ታሪክ ላይ ቢያስቀምጠው ይቆምለታል ወይ?

ፒከሪንግተን አብዛኛው ክፍሏ ያለው ፌርፊልድ ካውንቲ ውስጥ ነው። የካውንቲው መቀመጫ ላንካስተር ናት፤ በ33 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትነዱ የምታገኟት። የቤት ግብር ወይም የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ያውቃታል። ላንካስተር በሁለት ሰዎች ትኮራለች። አንዱ ጆርጂያን አቃጥሎ ያለፈው ጄኔራል ዊልያም ሸርማን ነው። ሁለተኛው ሸርማንን ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ቤቱ ወስዶ ያሳደገው፣ ኋላም አማቱ የሆነው ሴናተር ቶማስ ዩዊንግ። የዛሬው ጉዳያችን ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው።

ታሪኩ ሲተረክ ደስ እንደሚል አልክድም። ዩዊንግ በ1789 ቨርጂኒያ ውስጥ ተወለደ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ)። ቤተሰቡ ወደ ኦሃዮ ጫካ ገባ። እዚያ የሠፈሩት ገበሬዎች ገንዘብ ቢያጡም መጽሐፍ አማራቸውና የአውሬ ቆዳ አዋጥተው ቦስተን ድረስ ልከው መጻሕፍት አስገዙ። የልጁ ዩዊንግ መዋጮ፣ ያለው ሀብት ሁሉ፣ 10 የራኩን ቆዳ ነበር። ለትምህርት ገንዘብ ፍለጋ ካናዋ ወንዝ ወርዶ ጨው ሲያፈላ ከረመ። በ1815 ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ከተመረቁት ሁለት ተማሪዎች አንዱ ሆነ። ላንካስተር መጥቶ ከጠበቃው ከፊሊሞን ቢቸር ዘንድ ሕግ አጠና፤ በ1816 ጠበቃ ሆነ። ከ1818 እስከ 1829 የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ነበር። በ1831 ሴናተር፣ በ1841 የግምጃ ቤት ሚኒስትር፣ በ1849 ደግሞ አዲስ የተቋቋመው የኢንቲሪየር መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው ሚኒስትር። ሦስት ወንዶች ልጆቹ በእርስ በርሱ ጦርነት በሰሜኑ ወገን ጄኔራል ሆኑ። ራሱን በራሱ ያሳደገ ሰው፣ ከጨው ምድጃ ተነሥቶ ሴኔት የገባ፤ ይህ ነው ትረካው። እኛም ስደተኞች ነንና ይህን ዓይነቱን ታሪክ ስንሰማ ልባችን ይሸፍታል። ለልጆቻችን የምንነግራቸው ይህንኑ አይደለም?

እንግዲያውስ እንጠይቅ። ማን መረጠው?

ዩዊንግ በ1823 ለኦሃዮ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድሮ ነበር። ፌርፊልድ ካውንቲ ግን አልመረጠውም። ከስምንት ዓመት በኋላ ያው ሰው ዋሽንግተን ሴናተር ሆኖ ገባ። በነዚህ ስምንት ዓመታት ሕዝቡ ሐሳቡን ለውጦ ይሆን? ሕዝቡ አልተጠየቀም። በዚያን ዘመን ሴናተርን የሚሰይመው የስቴቱ ምክር ቤት እንጂ መራጩ አልነበረም። በ1837 ወንበሩን ሲያጣም በቦታው ዊልያም አለንን የሰየመው ይኸው ምክር ቤት ነው። በ1841 የሾመው ፕሬዚዳንት ሃሪሰን፣ በ1849 የሾመው ፕሬዚዳንት ቴይለር። በ1850 ወደ ሴኔት ሲመለስ ቶማስ ኮርዊን የለቀቀውን ወንበር እንዲሞላ ተሹሞ እንጂ ድምፅ ተሰጥቶት አይደለም። እስኪ ይህን ሁሉ ደምሩት፤ የሕዝብ ሰው የተባለው ሰው ወደ ሕግ አውጪ ቤት የገባበት በር አንድ ጊዜ እንኳ በሕዝብ እጅ ተከፍቷል?

ይህ የእሱ ጥፋት አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ ነው ሊባል ይችላል። ትክክል። ግን የኛን አገር ፓርላማ ስናማ ለምን ይህን ያህል ቸር አንሆንም? የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲታወጅ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ ሾሙ፤ የሕግ መምሪያውን ደግሞ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት መረጡ። ምክንያቱ ተጽፎ ነበር፤ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ለጊዜው ነው የሚል። ዲያስፖራው ይህችን አንቀጽ ሲያነብ ይስቃል። የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ የተመረጡት በ1949 ዓ.ም. ነው፤ 26 ዓመት ቆይቶ። የመወሰኛው ግን እስከ ዘውዱ ፍጻሜ በሹመት ቀረ። የአሜሪካ ሴኔት ከ1789 ተነሥቶ በሕዝብ ቀጥታ እንዲመረጥ የወሰነው 17ኛው ማሻሻያ የጸደቀው በ1913 ነው። ይህ 124 ዓመት ነው። እዚህ ሲሆን የመሥራቾች ጥበብ፣ እዚያ ሲሆን ኋላ ቀርነት የሚሆነው በምን ሚዛን ነው?

አሁን ወደ ጨው ምድጃው እንመለስ፤ ትረካው ከምንም በላይ የሚወደው ቦታ ነውና። የካናዋ ሸለቆ የሚገኘው ያኔ ቨርጂኒያ፣ ዛሬ ዌስት ቨርጂኒያ በሚባለው ምድር ነው። የባርነት ምድር። የሸለቆው የጨው ኢንዱስትሪ የተገነባው በአብዛኛው ከጌቶቻቸው በኪራይ በመጡ በባርነት በተያዙ ጥቁሮች ጉልበት ነው። ምድጃውን የሚያነድዱ፣ ድንጋይ ከሰል የሚቆፍሩ፣ በርሜል የሚሞሉ እነሱ ነበሩ። እንግዲህ ያንኑ ጨው ሲያፈሉ ከኖሩት ሰዎች አንዱ ደመወዙን ቋጥሮ ኦሃዮ፣ አቴንስ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የሌሎቹ ደመወዝ የት ሄደ? እነሱ ያልተማሩት ከዩዊንግ ይልቅ ሰነፎች ስለሆኑ ነው? ራሱን በራሱ አሳደገ የሚለው ሐረግ እዚህ ጋ ሲደርስ አይሰነጠቅም?

ይህን የምለው ለመሳደብ አይደለም። በ1865 ባርነት ሲያበቃ በዚያው ሸለቆ፣ ማልደን በምትባል መንደር፣ አንድ የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ከእንጀራ አባቱ ጋር ጨው ሊያሽግ ገባ። ስሙ ቡከር ዋሽንግተን ነው። እሱም እንደ ዩዊንግ የትምህርት ረሃብ ያንገበገበው፣ እሱም በእግሩ ተነሥቶ ትምህርት ቤት ፍለጋ የሄደ ነው፤ ኋላ የተስኪጊን ትምህርት ቤት ከባዶ ያቆመ ታላቅ ሰው ሆኗል። ሴናተር ግን አልሆነም፤ አላባማ ውስጥ እንደሱ ያለውን ሴናተር የሚያደርግ ሰው አልነበረም። ሁለት ልጆች፣ አንድ ምድጃ። ልዩነቱን ትጋት ፈጠረው የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ግን ከዚህ ሁሉ የሚከነክነኝ የዐቃቤ ሕግነቱ ዘመን ነው፤ ጸሐፊዎች በአንድ መስመር ያልፉታል። አሥራ አንድ ዓመት! ፒከሪንግተን የዛሬ ስሟን ያገኘችው በዚሁ ዘመን ነው። አብርሃም ፒከሪንግ በ1815 ሲቆረቁራት በጄኔራል አንድሩ ጃክሰን ስም ጃክሰንቪል ብሏት ነበር፤ በ1827 በነዋሪዎቹ ጥያቄ የኦሃዮ ምክር ቤት ስሟን ለወጠው። የሠፈሩ ሰው አቤት አለ፣ ምክር ቤቱ ሰማ። የዛሬውን የፒከሪንግተን ነዋሪ፣ ሐበሻውን፣ ሶማሊውን፣ ኔፓሊኛ ተናጋሪውን ልብ በሉና ንገሩኝ፤ ያ ምክር ቤት የሁሉንም አቤቱታ ይሰማ ነበር?

አይሰማም ነበር። በጥር 1839 የኦሃዮ የተወካዮች ምክር ቤት፣ በስቴቱ የሚኖሩ ጥቁሮችና ክልሶች ለማንኛውም ጉዳይ ቢሆን አቤቱታ የማቅረብ ሕገ መንግሥታዊ መብት የላቸውም ብሎ ወሰነ። ለማንኛውም ጉዳይ። የመንደር ስም ማስለወጥም ጭምር ማለት ነው። ዩዊንግን ሴናተር አድርጎ የላከው ቤት ይኸው ነው።

ከዚያ በፊትስ? ኦሃዮ ባርነትን በሕገ መንግሥቷ የከለከለች ስቴት ናት፤ በዚህም ትኮራለች፣ ይገባታልም። ግን በ1802 ቺሊካቲ ላይ ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ፣ በዚያ ጊዜ ስቴቱ ውስጥ ይኖሩ ለነበሩ ጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት የሚሰጥ ሐሳብ መጀመሪያ አልፎ፣ በኋላ ድምፁ እኩል ለእኩል ሲከፈል የጉባኤው ሊቀ መንበር ኤድዋርድ ቲፊን በገዛ ድምፁ ጣለው። በአንድ ሰው እጅ መውጣት! በ1804 ምክር ቤቱ፣ ጥቁር ነዋሪ ነጻ ሰው መሆኑን የሚመሰክር የፍርድ ቤት ወረቀት ይዞ በካውንቲው ጸሐፊ ዘንድ ይመዝገብ አለ፤ ክፍያው 12 ሳንቲም ተኩል። በ1807 ደግሞ አጠበቀው፤ ወደ ስቴቱ የገባ ጥቁር በ20 ቀን ውስጥ ርስት ያላቸው ሁለት ሰዎች የሚፈርሙለት የ500 ዶላር ዋስትና ያምጣ።

500 ዶላር ምን ያህል ነው? ያኔ መንግሥት የኦሃዮን መሬት የሚሸጠው ኤከሩን በ2 ዶላር ነበር። ስለዚህ 250 ኤከር፣ በኛ አለካክ ሁለት ጋሻ ተኩል ያህል መሬት የሚገዛ ገንዘብ ነው። ዘመድ ለማምጣት የስፖንሰር ቅጽ የሞላ ሐበሻ ተያዥ ፍለጋ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የግብር ወረቀት ይዞ ስንቱን ደጅ እንደሚያስጠና። ማንም በማያውቅህ አገር፣ በ20 ቀን ውስጥ፣ የሁለት ጋሻ ተኩል ዋስ ጥራ ቢባል ማን ይቆምልህ ነበር? ሕጉ በብዙ ቦታ ተግባራዊ አልሆነም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ግን ተኝቶ የነበረው ሕግ በ1829 ሲንሲናቲ ላይ ሲነቃ፣ ከተማው ዋስትናውን አምጡ ሲልና ሁከተኛ ቡድን በላዩ ሲጨመርበት፣ ከሺህ በላይ ጥቁሮች ከተማዋን ጥለው ወጡ። ከፊሎቹ ካናዳ ገብተው ዊልበርፎርስ የምትባል ሠፈር አቀኑ። በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሕግ አይጎዳም የሚል ሰው ይህን ምን ይለዋል?

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የምስክርነቱ ድንጋጌ ነው። በ1807ቱ ሕግ መሠረት ጥቁር ሰው አንደኛው ወገን ነጭ በሆነበት ክርክር፣ ወይም ስቴቱ ነጭን በሚከስበት የወንጀል ጉዳይ፣ ምሎ መመስከር አይችልም። የወንጀል ክስ የሚመራው ማነው? ዐቃቤ ሕግ። በፌርፊልድ ከ1818 እስከ 1829 ዐቃቤ ሕጉ ማነው? እዚህ ላይ ነው የሕይወት ታሪኮቹ ዝም የሚሉት። አንድ ጥቁር ሰው ቢደበደብ፣ ከብቱ ቢሰረቅ፣ ያዩት ሌሎች ጥቁሮች ብቻ ቢሆኑ፣ ዩዊንግ ምን ያደርግ ነበር? ክስ ይከፍት ነበር ወይስ ምስክር የለህም ብሎ ይሸኝ ነበር? ስንት መዝገብ ሳይከፈት ተዘጋ? በንግግር ችሎታው ስመ ጥር የሆነው ጠበቃ ስለዚህ ድንጋጌ አንድ ቃል ተናገረ?

ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም የሚል መልስ ይመጣል፤ በ1807 ገና 17 ዓመቱ ነበር። ተቀብያለሁ። ሕጉ የስቴት ነው፣ እሱ ዋሽንግተን ነበር የሚልም ይመጣል። ይህኛውን ለመቀበል ይቸግረኛል፤ ምክንያቱም ከጎኑ ሌላ ቶማስ ተቀምጦ ነበር። ቶማስ ሞሪስ ከ1833 እስከ 1839 የኦሃዮ ሴናተር ነበር፤ ለአራት ዓመት ከዩዊንግ ጋር አንድ ስቴት አብረው ወክለዋል። ሞሪስ ባርነትን በመቃወም የቀረቡ አቤቱታዎችን ሴኔት ውስጥ አቀረበ፣ የባርነት ጠበቃ ከነበረው ከሴናተር ካልሁን ጋር ተጋፈጠ፣ በየካቲት 1839 የሄንሪ ክሌይን የባርነት ንግግር ፊት ለፊት ተከራከረ። ዋጋው ምን ሆነ? የገዛ ፓርቲው በድጋሚ አልላከውም። በ1844 የትንሿ የሊበርቲ ፓርቲ የምክትል ፕሬዚዳንት እጩ ሆኖ ቀረበ፣ በዚያው ዓመት ሞተ። እርግጥ ስሙን የሚያነሡ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ ግን ለሴኔት ወንበር ከሚበቃ ዝምታና ወንበር ከሚያሳጣ ንግግር የትኛውን ለልጆቻችን እናስጠናለን?

ዩዊንግ ለመርኅ ሲል ወንበር መልቀቅ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጠየቅኩ። ያውቃል። በመስከረም 1841 ሃሪሰንን የተካው ፕሬዚዳንት ታይለር የብሔራዊ ባንኩን ረቂቅ በተደጋጋሚ ውድቅ ሲያደርግ ዩዊንግ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከዌብስተር በቀር ካሉት ሚኒስትሮች ጋር ሥልጣኑን ጥሎ ወጣ። ስድስት ወር ብቻ የተቀመጠበትን ወንበር! ያስመሰግነዋል። ግን ለባንክ የተቆጣ አንጀት፣ ፍርድ ቤት ቆሞ እውነት መናገር ለተከለከለ ጎረቤት ስንት ጊዜ ተቆጣ?

ሚዛኑን ላለማጓደል የ1850ውን እናንሣ። ያመለጡ ባሮችን ማንም ዜጋ እንዲያሳድድ የሚያስገድደው ሕግ ሲመጣ ዩዊንግ አልደገፈውም። በዚያ ዓመት ብዙ የፓርቲው የዊግ ሰዎች ለሰላም ሲባል በሚል አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ እሱ ግን እንቢ አለ፤ በዋና ከተማዋ ባርነት እንዲቀርም ተናገረ። ይህ እውነተኛ ድፍረት ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ጥያቄዬ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1849፣ የኦሃዮ የጥቁር ሕጎች አብዛኛው ክፍል ሲሻር፣ የዋስትናውም የምስክርነቱም፣ የሻራቸው ማን ነው? ሁለት የፍሪ ሶይል ፓርቲ እንደራሴዎች፣ ታውንሸንድና ሞርስ፣ በምክር ቤቱ ሚዛኑ እጃቸው ላይ ሲወድቅ ከዴሞክራቶች ጋር ተደራድረው ነው። ሳልመን ቼዝን ሴናተር አደረጉ፣ ሕጎቹንም አሻሩ። ታላላቆቹ ስሞች ለ42 ዓመት ያላነሡትን ሸክም ሁለት የማይታወቁ ሰዎች በአንድ ድርድር አነሡት። የእነሱስ ሐውልት የት ቆመ?

በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት ዩዊንግ ዋሽንግተን ውስጥ ሹመት በማደል ሥራ ተጠምዶ ነበር። የኢንቲሪየር ሚኒስትር ሆኖ የቀድሞውን ፓርቲ ሠራተኞች ከማባረሩ ብዛት የዘመኑ ጋዜጦች ሥጋ ቆራጩ ዩዊንግ ብለውታል። የመሬት መሥሪያ ቤቱን ኃላፊነት ደጅ ሲጠኑ ከነበሩት አንዱ አንድ ረጅም የኢሊኖይ ጠበቃ ነበር፤ ዩዊንግ ሥራውን ለቺካጎው ጀስቲን ባተርፊልድ ሰጠው። የተከለከለው ሰው አብርሃም ሊንከን ይባላል። መንግሥት ሲለወጥ የቢሮ ቁልፍ አብሮ የሚለወጠው በኛ አገር ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ይያዝ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ ይበልጥ ግራ ያጋባል። በጥር 1865 ያሳደገው ልጅ፣ ሸርማን፣ ከደቡብ ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳ ባለው የባሕር ዳርቻ ነጻ ለወጡ ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር መሬት እንዲታደል አዘዘ። ዓመቱ ሳያልቅ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን አብዛኛውን መሬት ለቀድሞዎቹ ባለ ባሮች መለሰ። በየካቲት 1868 ጆንሰን የጦር ሚኒስትሩን ስታንተንን ሲያባርር በምትኩ ያጨው ማንን ነው? ቶማስ ዩዊንግን፤ የ78 ዓመት አዛውንት። ሴኔቱ ጉዳዩን ሳያየው ቀረ። ዩዊንግ ከሪፐብሊካኑ ምክር ቤት ይልቅ ከጆንሰን ጎን መቆምን ለምን መረጠ? ልጄ ያከፋፈለውን መሬት ለምን ቀማህ ብሎ ጠይቆት ይሆን?

እስከዚያ ድረስ እንኳ የኦሃዮ ጥቁር ዜጋ በሕግ ፊት ሙሉ መራጭ አልነበረም። በ1867 የኦሃዮ ወንዶች ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ይሰጥ ወይ ተብለው ተጠይቀው አይሰጥ አሉ፤ መብቱ የመጣው በ1870 በፌዴራሉ 15ኛ ማሻሻያ ነው። መራጭ ማለት ነጭ ወንድ ነው የሚለው ቃል ደግሞ ኃይሉን አጥቶም በስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። በ1912 ይውጣ ተብሎ ለሕዝብ ቀርቦ ወደቀ። የወጣው በ1923 ነው፤ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በዚያው ዓመት።

ላንካስተር ውስጥ በዋናው መንገድ ላይ የሸርማን ቤት ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ከኮሎምበስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ልጆቻችንን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የራኩኑን ቆዳና የጨው ምድጃውን ሰምተው ይመለሱ ይሆናል፤ ይስሙ። ግን አንድ ወላጅ ወይም አንድ መምህር በዚያው ቀን መንገድ ተሻግሮ የካውንቲውን ጽሕፈት ቤት እንዲህ ብሎ ይጠይቅልን፤ በ1804ቱ ሕግ መሠረት ጥቁር ነዋሪዎች ይመዘገቡበት የነበረው የፌርፊልድ መዝገብ የታለ? ማን ማን ተመዘገበ? ለማን ማን ዋስ ሆነ? እነዚያ የዋስ ፈራሚዎች፣ በሕግ ፊት ለማይታመን ጎረቤት ርስታቸውን ያስያዙት ገበሬዎች፣ ስማቸው ማነው?